ባለ ስምንት ዓምዱ የፊልም መዝገብ

ማናዬ ቪዲዮ ቤት ለመክፈት ሲነሣ መጀመሪያ የገዛው ካሴት አይደለም፤ ማኅተም ነው። ክብ፣ ሰማያዊ፣ መሐሉ ላይ «ማናዬ ቪዲዮ» የሚል፣ ዙሪያውን «ጎፋ፣ አዲስ አበባ» የተቀረጸበት ማኅተም። ሚስቱ ተናኘ ካሴት ለማከራየት ማኅተም ምን ይሠራል ብላ ብትጠይቀው፣ «ማኅተም የሌለው ቤት ጉሊት ነው» አላት። ተናኘን እናቷ ያሳደገቻት ጉሊት ቸርችራ ነው። ነገሩ ቆረቆራት፤ ግን ዋጥ አደረገችው።

ሰውየው ማኅተም ቢናፍቀው አይፈረድበትም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። ሐሜተኞች መዝገብ ቤት ማለት ፋይል የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ቤት አይደለም ይላሉ፤ የማናዬ ግን ይወጣ ነበር፤ ቀን ይፈጅ ይሆናል እንጂ ይወጣል። በሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ማብቂያ ላይ ከረባት ያሰሩ ሦስት ልጆች የመዋቅር ጥናት ይዘው መጡ። ሦስት ቀን ወዲያ ወዲህ አሉና ማናዬ ትርፍ መሆኑን ደረሱበት። የስንብት ደብዳቤው ሁለት መስመር ነበር። ማናዬ የራሱን ደብዳቤ የወጪ ቁጥር ሰጠው፣ በወጪ መዝገብ ላይ አሰፈረው፣ ቅጂውን ከፋይል አያያዘ፣ ከዚያም ለራሱ ፈርሞ ተቀበለ። ሥርዓት ሥርዓት ነው።

ሦስት ጊዜ ይግባኝ ጻፈ፤ ሦስት ጊዜ «ጉዳይዎ በመታየት ላይ ነው» የሚል መልስ አገኘ። ማን እያየው እንደሆነ አልተገለጸም። ከሦስተኛው በኋላ «በቃ፣ ረስቼዋለሁ» አለ። እውነትም ረስቶት ነበር፤ መርሳቱንም በቀን አራትና አምስት ጊዜ ለሰው ይናገር ነበር።

ቪዲዮ ቤቱ የተከፈተው በተናኘ ክፍል ነው። ወደ መንገድ የሚያየው ክፍል የእሷ ነበር፤ በልብስ ስፌት መኪናዋ የሰፈሩን ዩኒፎርም እየሰፋች ቤቱን የምታኖረው እዚያ ተቀምጣ ነው። መኪናዋ ጓዳ ገባ፤ እሷም አብራ ገባች። ዝም ብላ ግን አልገባችም።

«እስከ ፋሲካ» አለችው። «እስከ ፋሲካ ይሄ ቤት ሰው ካላስገባ ካሴቱ ይሸጣል፣ እኔ ወደ ክፍሌ እመለሳለሁ፣ አንተም ፉሪ ትሄዳለህ።»

ፉሪ የእህቷ ባል ዱጉማ የብሎኬት ማምረቻ አለው። በር የሚከፍትና የሚዘጋ፣ የወጣ የገባውን መኪና የሚያይ ታማኝ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ ልኮባታል። ዱጉማ በትሕትና «የንብረት ተቆጣጣሪ» ነበር ያለው፤ ግን በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ስሙ ምን እንደሆነ ጎፋም ፉሪም ያውቃል። ማናዬ መዝገብ ቤት ሳለ የዱጉማን ማመልከቻ የሚጽፍለት፣ «እባክህ ጋሼ» እየተባለ የሚለመን ሰው ነበር። አሁን በዱጉማ በር ላይ ዱላ ይዞ ሊቆም ነው። ከዚያ ሞት ይሻለኛል አለ። ሞት ግን እንደ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ቶሎ መልስ የሚሰጥ አይደለም።

ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱን ካሴት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ ቪዲዮ ቤቱን ከሚዘጋ ሰው በጅምላ ገዛ። ሰውየው ካሴቱን እየሳቀ ነው ያሸከመው። ማናዬ ሳቁን ከመልካም ጠባይ ቆጠረለት።

እንግዲህ ሰው ፊልሙን እንዴት ይምረጥ የሚለው ጥያቄ መጣ። ማናዬ ለዚህ ነው የተፈጠረው። ካሴቶቹን ከመጋረጃ ጀርባ በቁጥር ደረደራቸው፤ ባለጉዳይ እንዳይነካቸው። ከመጋረጃው ፊት ጠረጴዛና አግዳሚ ወንበር አኖረ። ጠረጴዛው ላይ «የካሴት መጠየቂያ ቅጽ» የሚል ወረቀት ከመረ። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር፣ የተጠየቀው ፊልም ርእስ፣ ፊልሙ የተፈለገበት ምክንያት፣ ፊርማ።

የመጀመሪያው ደንበኛ የጎፋና የሜክሲኮ መሥመር ታክሲ ነጂው በንቲ ነበር። ቅጹን ወስዶ ላቡን እየጠረገ ሞላ። ምክንያት በሚለው ላይ «ለማየት» ብሎ ጻፈ።

«ይህ በቂ ማብራሪያ አይደለም» አለው ማናዬ፣ ወረቀቱን ወደሱ መልሶ እየገፋ።

«ጋሼ፣ ፊልም ሌላ ምን ይደረጋል?»

«እሱን ነው እኮ አንተ የምትገልጸው።»

በንቲ ብዕሩን አስቀምጦ ወጣ። ወዴት እንደሄደ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም፤ አርባ እርምጃ ወደ ላይ፣ ያሕያ ቪዲዮ ቤት።

ያሕያ በሥነ ሥርዓት የተጎዳ ሰው አይደለም። ኮምፖልሳቶ ግድግዳው ላይ አቁሞ፣ ምስማር መትቶ፣ የካሴት ሽፋኖቹን እንደ ልብስ ሰቅሏቸዋል። ሰው ይገባል፣ ያያል፣ በጣቱ ይጠቁማል፣ ያሕያ ያወርዳል። በቃ። ማናዬ ጨው ሊገዛ የወጣ መስሎ አንድ ቀን ጎራ አለ። ጨው የሚሸጠው ተቃራኒው አቅጣጫ መሆኑን ያሕያ ቢያውቅም፣ «ጋሽ ማናዬ፣ ይግቡ እንጂ» ብሎ ወንበር ሰጠው። ማናዬ ተቀምጦ አየ። ሰዎች ግድግዳው ፊት አፋቸውን ከፍተው ይቆማሉ። ዓይናቸው አዋጅ ይሆንባቸዋል። ይሄን፣ አይ ያንን፣ አይ ይሄንን ሲባባሉ ሻይ ይቀዘቅዛል፤ በመጨረሻ ባለፈው ሳምንት ያዩትን መልሰው ይዘው ይሄዳሉ። በዚያ ላይ ደግሞ የሽፋኑ ሥዕልና ውስጡ ያለው ፊልም እህትና ወንድም እንኳ አይደሉም።

«በጣት እየጠቆሙ የሚመርጡት ሥጋ ቤት ነው» ብሎ ለተናኘ አወራላት። «እኔ ሕዝቡን አንብቦ እንዲመርጥ አደርገዋለሁ።»

ቅጹን ተወው፤ ይህ ለእሱ ትልቅ መሸነፍ ነበር። በምትኩ ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ክንድ የሚያህል መዝገብ ገዝቶ በማስመሪያ ዓምድ አሰመረበት። ቁጥር። ርእስ። የተሠራበት አገር። ዓይነት። ርዝመት። የካሴቱ የጤንነት ሁኔታ። ምርመራ። ሰባት ዓምድ፤ አንዱ ከአንዱ በቀይ ቀለም የተለየ። «ዓይነት» በሚለው ሥር ብዙ አስቦ ሦስት መደብ አወጣ፦ ጠብ፣ ፍቅር፣ ጠብና ፍቅር። ካየው ፊልም ውስጥ ከሦስቱ የሚያመልጥ እስካሁን አልተገኘም።

መዝገቡን ለመመረቅ የታደሉት ጎረቤቲቱ እትዬ በቀለች ናቸው። ልጃቸው ቴሌቪዥንና የቪዲዮ ዴክ ገዝቶላቸዋል፤ እሳቸው ግን ፊልም የሚመርጡበት የራሳቸው ሕግ አላቸው።

«እነ ከድጃ ባለፈው ያዩትን ስጠኝ» አሉት። «ያ ጢሙ ከንፈሩን የሚሸፍነው ሰውዬ ያለበት።»

ማናዬ መዝገቡን ገለጠ። «በጢም አልመዘገብኩም፣ እትዬ በቀለች። ርእሱን ይንገሩኝ።»

«ርእሱን እኔ የት አውቄው። እሺ ሌላ ስጠኝ። አክተሩ ይሞታል?»

በሰፈሩ ቋንቋ አክተር አንድ ብቻ ነው፤ ዋናው። የቀረው ሁሉ ወይ ቦስ የሚሉት የክፉዎቹ አለቃ ነው፣ ወይ በቦስ እጅ የሚሞት ነው። አክተር ደግሞ መሞት የለበትም፤ ሞቶ ከተገኘ ካሴቱን ያከራየው ሰው ይጠየቃል። ማናዬ ሰባቱንም ዓምድ በጣቱ ተከትሎ ሄደ።

«በመዝገቡ ላይ አልተገለጸም» አለ።

«እንግዲያው ይቅርብኝ። ደም ግፊት አለብኝ፣ ማናዬ። መጨረሻውን ሳላውቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነፍሴን አላንጠለጥልም።» ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ። ከእሳቸው ቀጥሎ የመጣውም ይህንኑ ጠየቀ። ከሱ ቀጥሎ የመጣችውም።

ሌላ ሰው ቢሆን አፉን ከፍቶ «አይሞትም» ብሎ ይገላገል ነበር። ያሕያ ለሁሉም «አይሞትም» ነው የሚለው፤ አክተሩ በሞተ ማግስት ደግሞ «ሁለተኛው ክፍል ላይ ይነሣል» ይላል። ማናዬ ግን በቃል መረጃ የሚሰጥ ሰው አይደለም። ስምንተኛ ዓምድ አሰመረ። ከሌሎቹ አራት እጥፍ ሰፊ፣ አናቱ ላይ «አጭር መግለጫና ፍጻሜ» የሚል።

ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጠዋት ጠዋት፣ ደንበኛ በማይመጣበት ሰዓት፣ ማለትም ጠዋት በሙሉ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ማስታወሻ ይዞ ተቀመጠ። እንግሊዝኛው አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው፤ ሕንድኛና ቻይንኛው አልጀመረም። ይህ እንቅፋት አልሆነበትም። መዝገብ ቤት እያለም ከፋይል መሐል ገጽ ሲጠፋ ከፊቱና ከኋላው ያለውን አይቶ የጎደለውን ማወቅ ልማዱ ነበር። አክተሩ ሲቆጣ ምን እንደተደረገበት ይገባዋል። ሲያለቅስ ማን እንዳስለቀሰው ይገባዋል። የማይገባው ነገር አልነበረም፤ የገባውን ሁሉ በዚያ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በተሞረደ እጅ ጽሕፈቱ አሰፈረው።

«ቁጥር 27። ካራቴ። ዓይነት፦ ጠብ። አክተሩ በሚመሩት የስፖርት ማሠልጠኛ አሥራ አንድ ግለሰቦች ያለ ቀጠሮ በመግባት የንብረት ጉዳት ያደርሳሉ። የማሠልጠኛው ሽማግሌ በሐሰት ወሬ ተታለው አክተሩን ከቦታቸው ያነሷቸዋል። አክተሩ ተራራ ላይ ወጥተው በግል ጥረታቸው ችሎታቸውን ያሻሽላሉ። ወርደውም ለአሥራ አንዱም በየተራ በእግር መልስ ይሰጣሉ። አይሞቱም። በመጨረሻም እውነቱ ተጣርቶ ወደ ቀድሞ ቦታቸው ተመልሰዋል።»

«ቁጥር 88። ሕንድ። ዓይነት፦ ጠብና ፍቅር፣ በብዛት። ወንድማማቾች በሕፃንነታቸው ገበያ መሐል ይጠፋፋሉ። አክተሩ ያደገው በድህነት ሲሆን የፋብሪካ ሠራተኛ ነው። ቦሱ ያለ በቂ ምክንያት ከሥራ ያባርረዋል። ዘፈን ስድስት ጊዜ፣ ለጉዳዩ አግባብነት የሌለው። የእናት ለቅሶ ሦስት ጊዜ፣ አግባብነት ያለው። ወንድማማቾች በጠባሳ ይተዋወቃሉ። አክተሩ አይሞትም። ከነሙሉ ጥቅማ ጥቅሙ ሥራውን ጀምሯል።»

የካቲት ላይ መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት ሆነ። ጎፋ እንደዚያ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም።

መጀመሪያ የመጡት እትዬ በቀለች ናቸው። ዓይናቸው ፊደል ስለማይለይ በንቲ የታክሲ ተራ እየጠበቀ ባለበት ሰዓት ገብቶ አነበበላቸው፤ የታክሲ ሰው ነውና ድምፁ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ቁጥር 88 ላይ ሲደርስ እትዬ በቀለች በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። «እስቲ ድገምልኝ፣ ወንድሙን ያወቀበትን» አሉ። ደገመላቸው። ሲጨርስ ረጅም አየር ስበው ተነሡ። «ተመስገን፣ ተገላገለ ምስኪን» ብለው፣ ማናዬን መርቀው፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ካሴቱን አልወሰዱትም። ምን ያደርግላቸዋል? አልቅሰውለታል፣ ወንድሙን አግኝቷል፣ ሥራ ገብቷል፣ ደም ግፊታቸውም አልተነሣም።

በማግስቱ ሁለት ሴቶች አስከትለው መጡ። በሳምንቱ አግዳሚው አልበቃ ብሎ ከዕድሩ ወንበር ተዋሱ። ጡረተኛው፣ ተማሪው፣ ከፋብሪካ በፈረቃ የወጣው፣ ሁሉም መጥቶ ይቀመጣል፤ በንቲ ካለ በንቲ፣ ከሌለ አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል። አንዱ ቁጥር 27ን፣ ሌላው ቁጥር 140ን ሲያደንቅ ጠብ እስከ መነሣት ደረሰ፤ ሁለቱም ፊልሞቹን በዓይናቸው አላዩአቸውም። ማናዬ ደንብ አውጥቶ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ገጽ ማጠፍ ክልክል ነው። ጣት በምራቅ ማርጠብ ክልክል ነው። በንባብ መሐል መጨረሻውን መናገር በጥብቅ ክልክል ነው። ካሴት መከራየትን የሚመለከት አንቀጽ አልነበረውም፤ ጥያቄው ስላልተነሣ ነው።

ተናኘ ከጓዳ ብቅ እያለች ታያለች። ቤቱ ግጥም ብሏል። ካሴቶቹ ግን ከመጋረጃው ጀርባ እንደተደረደሩ አቧራ ለብሰዋል።

«ይኸው ሰው ገባ» አላት ማናዬ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ሰው ካላስገባ አልነበር ያልሽው?»

«ገብቶ ምን ይዞ ወጣ?»

«እውቀት።»

ተናኘ መቀሷን አንሥታ ወደ ጓዳ ተመለሰች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሷ ደግሞ ሁለቱን በአንድ ጣራ ሥር ነው የምታስተዳድረው። በመዝገቡ ቂም ስለያዘች አንድ ቀን እንኳ ገልጣ አላየችውም።

በቅንነት ካሴት የተከራየ ሰው ቢኖር በንቲ ነው። ቁጥር 27ን ስንት ቀን ሲያነብ ከርሞ፣ እስቲ ደግሞ በዓይኔ ልየው ብሎ ወሰደው። በነጋታው ፊቱን አኮሳትሮ መጣ። ቤቱ እንደ ወትሮው ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ይሄ ሰውዬ የትም ቦታ አልተመለሰም» አለ፣ ካሴቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ። «ሽማግሌውም አላባረረው፣ ማንም አላጣራለት። መጨረሻ ላይ ብቻውን በመንገድ ሲሄድ ጽሑፍ መጣና አለቀ።»

አግዳሚው ሁሉ ወደ ማናዬ ዞረ። ማናዬ መነጽሩን አስተካከለ።

«ጽሑፉን አነበብከው?»

«በእንግሊዝኛ ነው። ደግሞ ይሮጣል።»

«እንግዲህ የተመለሰው እሱ ላይ ነው።»

«ቢሆንማ ነው» አሉ እትዬ በቀለች። አንድ ጡረተኛ ጨምሮ፣ ፊልም ሠሪዎቹ ገንዘብ ለመቆጠብ መጨረሻውን እንደሚያሳጥሩት ሰምቻለሁ አለ። በንቲን ሁሉም በሐዘኔታ አየው፤ ከመዝገቡ ወጥቶ ፊልም ማየቱ ነው ያሳሳተው። ከዚያ ቀን በኋላ ደፍሮ የተከራየ ሰው የለም።

ፋሲካ መጣ፣ ሄደ። ተናኘ የሰጠችው ቀን ሲያልፍ ሌላ ሴት ብትሆን ትጮህ ይሆናል፤ እሷ ግን ዳግማይ ትንሣኤ እስኪያልፍ እንኳ ታግሣ፣ ቅዳሜ ጠዋት ነጠላዋን ጣል አድርጋ አርባ እርምጃ ወደ ላይ ሄደች። ስትመለስ ያሕያ ባዶ ካርቶኖች ተሸክሞ ከኋላዋ ነበር። አንባቢዎቹ ቤቱ ዛሬ ዝግ ነው ተባሉ።

ማናዬ አልተከራከረም። መጋረጃውን ራሱ ገለጠ። ካሴቶቹን ሲያስረክብ በቁጥር ቅደም ተከተል አደረገው፤ ያሕያም ለክብሩ ሲል እንደዚያው ተቀበለው። ከሰኞ ጀምሮ ፉሪ ነው። ዱጉማ ካፖርት አዘጋጅቼለታለሁ ብሎ ልኳል፤ የዘበኛ ካፖርት። ማናዬ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ካሴቱ ካርቶን ውስጥ ገብቶ ሲያልቅ ያሕያ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እትዬ ተናኘ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ካሴትስ እኔም አላጣሁ። እኔ የምፈልገው መዝገቡን ነው። ሰዉ እኔ ጋ መጥቶ ‹መዝገቡ ላይ ያለውን ስጠኝ› ይለኛል። ግድግዳዬን የሚያየው ጠፋ። የጠሩትን ዋጋ እከፍላለሁ።»

ማናዬ ዞር አለ። በዚያ ዓመት ሙሉ የሰማው የመጀመሪያው ጥሩ ወሬ ይህ ነው፤ የነገረው ደግሞ ጠላቱ።

«ቆይ» አለች ተናኘ። «የምሸጠውን ሳላውቅ አልሸጥም።»

ወንበር ስባ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። መሠረተ ትምህርት ነው የተማረችው፤ ፊደሉን በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ነው የምታነበው። ከቁጥር አንድ ጀመረች። ቁጥር አራት ላይ ፈገግ አለች። ቁጥር ሰባት ላይ፣ «በእግር መልስ ሰጡ» የሚል አግኝታ፣ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። ማናዬ ስትስቅ ካያት ዓመት አልፎታል፤ ደስ አለው፣ ደስ ማለቱን ግን ደበቀው። ገለጠች። ገለጠች። አሥር ከምናምን ላይ ሳቋ ቀረ። ያሕያ ዙሁር ሰግዶ ልምጣ ብሎ ሄዶ፣ ሰግዶ ሲመለስ አሁንም ታነባለች። አሁን ሁሉንም አታነብም፤ ጣቷ በቀጥታ ወደ እያንዳንዱ መጨረሻ መሥመር ይወርዳል።

ቀና አለች።

«ማናዬ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ወደ ሥራው ይመለሳል።»

«ፊልሙ እንደዚያ ነው።»

«የካራቴው ይመለሳል። የሕንዱ ይመለሳል። ይሄ በፈረስ የሚሄደውስ?»

«እሱም ጉዳዩ ታየለት።»

«ይሄ ጨረቃ ላይ የወጣው?»

«ውዝፍ ደመወዙ ጭምር» አለ ማናዬ፤ አሁን ድምፁ አነስ አለ።

«ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው፣ አንድም ሳይቀር።» ተናኘ መዝገቡን እያየች አይደለም፤ እሱን ነው የምታየው። ያሕያ ካርቶን ለማሰር ጎንበስ አለ፤ የታሰረውን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ማናዬ መነጽሩን አወለቀ። አፈረ፤ ሰው ፊት ልብሱን የተገፈፈ ያህል አፈረ። እንደዚያ ብሎ ለመጻፍ አላሰበም። እያንዳንዱን ሲጽፍ ያ ፊልም እንደዚያ የሚያልቅ መስሎት ነው፤ ሌላ አጨራረስ አይመጣለትም ነበር።

«አንድ ሰው እንኳ» አለ በመጨረሻ፣ «አንድ ሰው እንኳ ጠርቶ ‹ተሳስተን ነው› ቢለኝ እኮ፣ ሥራውንም አልፈልገውም ነበር።»

ተናኘ አላባበለችውም። የማባበል ሴት አይደለችም። ሰባት ወር ሙሉ ጓዳ ተቀምጣ የተናደደችበት ሰው ሌላ፣ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ሌላ ሆነባት። ወደ ያሕያ ዞረች።

«ካሴቱን ውሰድ። መዝገቡ አይሸጥም።»

«እትዬ ተናኘ፣ ዋጋውን...»

«አይሸጥም አልኩህ፣ ልጄ።»

ያሕያ የሰውን ፊት ማንበብ ያውቃል፤ አልጨቀጨቀም። የመጀመሪያውን ካርቶን ተሸክሞ፣ «ጋሽ ማናዬ፣ ሲመችዎት ብቅ ይበሉ» ብሎ ወጣ።

ተናኘ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። አንድ መሥመር ባዶ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ ሦስተኛው ካሴት ሥዕል የለውም፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነጭ ዝናብ ብቻ ነው የሚዘንብበት። ማናዬ ሦስት ጊዜ ተቀምጦ አይቶት፣ ከዝናቡ ውስጥ ምንም ስላልወጣለት ስምንተኛውን ዓምድ ሳይሞላ ትቶት ነበር።

ብዕሩን ሰጠችው።

«ጻፍ» አለችው። «አክተሩ ወደ ሥራው አልተመለሰም።»

ማናዬ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። «ይህ ለመዝገብ አይሆንም።»

«ጻፍ። ወደ ሥራው አልተመለሰም። ማንም ጠርቶ ይቅርታ አልጠየቀውም።»

ጻፈ።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድ ወረቀት እንኳ አልጠፋበትም። ሚስቱ ይህን ታውቃለች።»

ይህንንም ጻፈ።

«ሰኞ ጠዋት ተነሥቶ ፉሪ ሄደ። ሚስቱ ምሳውን ቋጥራ እስከ ታክሲው ሸኘችው።»

«ትሸኚኛለሽ?» አላት፣ ከወረቀቱ ቀና ሳይል።

«አንተ ጻፍ።»

ጽፎ ጨረሰ። ከዚያ «አንብብልኝ» አለችው። ድምፁን አስተካክሎ፣ በመዝገብ ቤት ደንብ፣ ከቁጥሩ ጀምሮ አነበበላት። ሁለተኛው መሥመር መጨረሻ ላይ ድምፁ ከዳው። ሊቀጥል ሞከረ፤ አልሆነም። ተናኘ መዝገቡን ወደሷ ስባ፣ ጣቷን እሱ የቆመበት ፊደል ላይ አድርጋ፣ የቀረውን ቀስ እያለች አነበበችለት።